አሮጌ የአሜሪካ አውቶሞቢል ለመንዝ መንገድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛ ወንድማማቾች አንድ አሳባችንን ለዘመዶቻችን በነገርናቸው ጊዜ ከሰሙት መካከል ያልሳቀ አልነበረም። አሳባችንም ከስድሳ ዓመት በፊት በአሜሪካ አገር የተሠራ ባለ አራት በር የቤት አውቶሞቢል ፈልገን መግዛት ነበር። የምንፈልገውም በከተማ መካከል ለመታየት ሳይሆን፣ ከአዲስ አበባ ተነሥተን ደብረ ብርሃንን ዐልፈን በጣርማ በር በኩል ወደ መንዝ ወጥተን እስከ መሐል ሜዳ ልንጓዝበት ነበር። አንድ አጎታችን ነገሩን ከሰሙ በኋላ ራሳቸውን ነቅንቀው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ሲሉ ተረቱብን። በእርግጥም ከመሬት ከፍ ያሉ፣ ለመንገዱ የሚስማሙ የጃፓን መኪናዎች በየስፍራው ሲገኙ አሮጌ ነገር ፍለጋ መውጣት ለሰሚው ዕብደት ይመስላል።

ነገር ግን ምክንያት ነበረን። አባታችን በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። እናታችንን ባገቡ ጊዜ አሠሪያቸው አንድ ሼቭሮሌት አውቶሞቢል አውሰዋቸው፣ ሙሽራቸውን ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ በእርሱ አመጧቸው። ከዚያ ጉዞ የቀረችው ጥግዋ የተጨማደደ አንዲት ፎቶግራፍ ብቻ ናት፤ በእርስዋም ላይ እናታችን ነጠላቸውን ተከናንበው ከአውቶሞቢሉ በር አጠገብ ቆመው ይታያሉ። አባታችን በ1978 ዓ.ም. ዐረፉ። እናታችን ግን ዕድሜያቸው ከሰማንያ ዐልፎ በመሐል ሜዳ አካባቢ በቀያቸው ይኖሩ ነበር። ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ ሐኪም እንዲያያቸው ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ ብንለምናቸው፣ በአውቶቡስ ተጨናንቆ መጓዝን ሰውነታቸው እንደማይችለው እየነገሩን ዓመታት ዐለፉ። በመጨረሻ፣ እንደ ፎቶግራፉ ባለ አውቶሞቢል መጥተን እንደምንወስዳቸው ቃል ገባንላቸው። እሳቸውም ሳቁ፤ እንቢ ግን አላሉም። እንግዲህ ፍለጋችን የጨዋታ ፍለጋ አልነበረም።

የአሜሪካ አውቶሞቢል በአገራችን

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ መግባት የጀመረው በ1900 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ የመጀመሪያዎቹም የእንግሊዝና የጀርመን ሥራዎች እንጂ የአሜሪካ አልነበሩም። በሰሜን ሸዋ ደጋ ዐልፎ ወደ ደሴ የሚወስደውን የመኪና መንገድና በጣርማ በር ተራራ ሆድ ውስጥ የሚያልፈውን ዋሻ ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ሠሩት። ከነጻነት በኋላ የአገሩን መንገዶች ለማደስና ለመጠበቅ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ለዚህም ሥራ የዓለም ባንክ አምስት ሚልዮን ዶላር አበደረ፤ ከአሜሪካ የመጡ መሐንዲሶችም ሥራውን ረዱ። በዚያው ዘመን የአሜሪካ የርዳታ ሠራተኞች፣ የአየር መንገድ ባለሙያዎችና ዲፕሎማቶች በአዲስ አበባ ይኖሩ ነበር፤ በአሥመራም እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ በቃኘው ሰፈር የአሜሪካ ወታደሮች ነበሩ። ሼቭሮሌት፣ ፎርድ፣ ዶጅና ፕሊማውዝ የተባሉት ሰፋፊ አውቶሞቢሎች በመንገዶቻችን ላይ የታዩት በዚያ ዘመን ነው።

እነዚህ አውቶሞቢሎች የተሠሩት ለሰፊ አገርና ለረጅም ጎዳና ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የተሠራ አንድ ሼቭሮሌት ርዝመቱ አምስት ሜትር ያህል፣ ክብደቱም አንድ ቶን ተኩል ገደማ ነው። ወንበሩ እንደ መደብ ሰፊ ስለ ሆነ ሦስት ሰው ከኋላ ሳይጨናነቅ ይቀመጥበታል፤ ረጅሙ አካሉም በመንገድ ላይ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል እንጂ አይዘልም። ጉድለቱ ቤንዚን ማብዛቱ ነው። በአንድ ሊትር ከስድስት እስከ ሰባት ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው፤ እንደ ፊያትና እንደ ቮልስዋገን ያሉት ትንንሾቹ ግን በዚያው ሊትር እጥፍ ያህል ይጓዛሉ። በአገራችን ትንንሾቹ በዝተው ትልልቆቹ የተመናመኑበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ባጠናነው መጠን ለረጅም ጉዞ የሚስማማው ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ሳይሆን ባለ ስድስቱ እንደ ሆነ ተረዳን። ባለ ስምንቱ ኀይል አለው፤ ባለ ስድስቱ ግን ሥራው ቀላል፣ ቤንዚኑም ያነሰ ነው። በሼቭሮሌት ላይ የነበረው 3.9 ሊትር ገደማ የሚይዘው ሞተርና፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 ሞዴል ጀምሮ በዶጅና በፕሊማውዝ ላይ የተገጠመው ወደ ጎን ያዘነበለ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር በጽናታቸው የታወቁ ናቸው። ደግሞም ሼቭሮሌት እስከ 1954 እ.ኤ.አ. ሞዴል ድረስ በስድስት ቮልት ባትሪ ይሠራ ነበር፤ በ1955 ወደ አሥራ ሁለት ቮልት ተለወጠ። ዛሬ በየሱቁ የሚገኘው ባትሪና አምፖል የአሥራ ሁለቱ ስለ ሆነ የኋለኛውን መምረጥ ይሻላል።

ፍለጋው

ፍለጋውን የጀመርነው በ2010 ዓ.ም. ከትንሣኤ በዓል በኋላ ነው። ደላሎች ብዙ ቢነግሩንም ለማየት የበቃነው ሦስት ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ቀለሙ እንደ መስተዋት የሚያበራ፣ ዐይቶ ለመግዛት የሚያስቸኩል ነበር። ነገር ግን ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለን በላሜራው ላይ ብናስጠጋ ከበሮቹ ሥር አልያዘም፤ ዝገቱ በስቱኮ ተደፍኖ ተቀብቶ ኖሯል። የሁለተኛው ሞተር ድምፁ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ከሌላ መኪና ተነቅሎ የገባ ስለ ሆነ በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋራ አልገጠመም። ቁጥሩ የማይገጥም መኪና ለገዢው ወደ ፊት ብዙ ጣጣ ስለሚያመጣበት እርሱንም ተውነው።

ሦስተኛው በአንዲት አሮጊት ወይዘሮ ግቢ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በሸራ ተሸፍኖ የቆመ፣ የ1956 እ.ኤ.አ. ባለ ስድስት ሲሊንደር ሼቭሮሌት ነበር። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀዋል፤ ወንበሩን አይጥ በልቶታል። ነገር ግን ከታች ላሜራው ደኅና፣ ቁጥሩም ከሊብሬው ጋራ አንድ ነበር። በወጣትነታቸው እንዲህ ያሉትን አውቶሞቢሎች ሲሠሩ የኖሩ አንድ አዛውንት ሜካኒክ ለምነን ወሰድናቸው። እኛ ኮፋኖውን ለመክፈት ስንቸኩል እሳቸው ግን ወደ ሞተሩ አልተመለከቱም። ከመሪው ፊት ተቀምጠው የፍሬኑን ፔዳል ረገጡና አንድ ደቂቃ ሙሉ እግራቸውን ሳያነሡ ቆዩ። ፔዳሉ ቀስ እያለ ወደ ታች ሰመጠ። ይህም የፍሬኑ ዋና ፖምፓ ማፍሰሱን እንደሚያሳይ፣ ሞተሩም ከመነሣቱ በፊት ፍሬኑ በሙሉ ከፖምፓው እስከ ጎማው መታደስ እንዳለበት ነገሩን።

አውቶሞቢሉን ገዛን። ሥራው አራት ወር ፈጀ። ብሎኖቹ ሁሉ በኢንች የተለኩ ስለ ሆኑ በሚሊሜትር የተሠራው የየጋራዡ መፍቻ አይገጥማቸውም፤ ስለዚህ መፍቻውን እንኳ ለብቻው ስንፈልግ ከረምን። ያረጁ የቤንዚን ጎማዎችን ለወጥን፤ ራዲያቶሩን አጠብን። ሞተሩ በተነሣ ቀን ግን ደስታችን ልክ አልነበረውም፤ በዚሁ ደስታ የአዛውንቱን ምክር አቀለልነው። የፖምፓውን ጎሚኒ ብቻ ለውጠን፣ የጎማዎቹን ታምቡርና የፍሬኑን ሸራ ሳንፈታ ተውናቸው። ፔዳሉ ጠንክሮ ስለ ነበረ የቀረው ደኅና ነው አልን። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእኛ ነው።

ደጋው በሞተር ላይ የሚያደርገው

የመንዝ አገር አብዛኛው 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ነው፤ የጓሳ አምባም ከ3,200 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳልና በባሕር ዳርቻ ካለው ኀይሉ ከሩብ በላይ ያጣል። አሮጌው ካርቡራቶር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ በቆላ የሚያፈሰውን ያህል ቤንዚን በደጋም ያፈስሳል። ስለዚህ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ጭሱ ይጠቁራል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። መድኀኒቱ በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ቀዳዳ በጠበበች መለወጥ ነው፤ እኛም እንዲሁ አደረግን።

ውሃም በዚህ ከፍታ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የመንዝ ባለቤቶች ሽሮና ባቄላ ሲቀቅሉ የሚያውቁት ነገር ነው። በራዲያቶርም ውስጥ ያለው ውሃ እንዲሁ ፈጥኖ ይፈላል፤ ይህን የሚከለክለው እንፋሎቱን አፍኖ የሚይዘው ክዳን ስለ ሆነ ጎሚኒው የደረቀ ክዳን ባለበት መኪና መንገድ መጀመር አይገባም። በመርሐቤቴ በኩል ለሚሄድ ደግሞ ፈተናው ሌላ ነው። ከሙከ ጡሪ በለሚ ዐልፎ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄደው መንገድ ከደጋው ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ይወጣል። በዚያ ቆላ የጋለ ሞተር ዳገት ሲይዝ ቤንዚኑ ከቧንቧው ውስጥ እንዳለ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ሞተሩ ትንፋሽ እንዳጣ ሰው ይቆማል። ያን ጊዜ ቧንቧውን በርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ እስኪቀዘቅዝ መታገሥ እንጂ ሌላ ብልሃት የለም።

ይህን ሁሉ ዐወቅን፤ አሰናዳንም። ያወቅነው ሁሉ ግን መኪናው እንዴት እንደሚሄድ ነበር፤ እንዴት እንደሚቆም አላሰብንም።

በጣርማ በር ቁልቁለት

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ፣ እናታችንን ለማምጣት ከመሄዳችን በፊት መኪናውን ልንፈትነው እስከ ደብረ ሲና ልንወርድ ወጣን። ወደ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር መንገድ እንደ ሕልም ዐለፈ። ከዚያም ወጥተን በዋሻው ዐለፍንና በወዲያ በኩል በጉም ውስጥ ቁልቁለቱን ጀመርን። ይህ መንገድ ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በዚያ ውስጥ ከ1,700 ሜትር በላይ ይወርዳል።

እኛ በላይኛው ማርሽ እየሄድን በየጠመዝማዛው ፍሬን እንረግጥ ነበር። መጀመሪያ ሽታ መጣ፤ እንደ ተቃጠለ ጨርቅ ያለ። ቀጥሎ ፔዳሉ ለስለስ አለ። ቀጥሎም እግራችን እስከ ወለሉ ወርዶ መኪናው እንደ በፊቱ መሮጡን ቀጠለ። አንደኛ ማርሽ ለማስገባት ብንሞክር ጮኸ እንጂ አልገባም፤ የዚያ ዘመን ሼቭሮሌት አንደኛ ማርሽ መኪናው ካልቆመ በቀር አይገባምና። ወንድማችን ሁለተኛውን በግድ አስገባው፤ እኛም የእጅ ፍሬኑን ሳብን፤ መሪውንም ወደ ተራራው ጥግ አዞርነው። የቀኝ ፓራፋንጎው ዐፈሩን እየፋቀ ሄዶ ቆመ። ማንም አልተጎዳም። ለረጅም ጊዜ ሳንነጋገር ተቀመጥን። ወደ ኋላ ዘወር ስንል ለእናታችን ብለን በኋላው ወንበር ላይ ያነጠፍነውን የበግ አጎዛ አየን።

የሆነውን ነገር በኋላ አዛውንቱ ሜካኒክ አስረዱን። አራት ሰውና ጓዝ የያዘ እንዲህ ያለ መኪና አራት መቶ ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚገታው ኀይል ወደ ሙቀት ቢለወጥ አንድ እንስራ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ማርሹ ካልያዘው ይህ ሁሉ ሙቀት በፍሬኑ ታምቡር ላይ ይወርዳል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ሲግል መያዝ ይሳነዋል። ለዓመታት ያልተለወጠ የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ ይፈላል፤ እንፋሎት በቧንቧው ውስጥ ከገባ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። በዚያ ላይ አሮጌው ሼቭሮሌት ለአራቱም ጎማ ያለው የፍሬን መስመር አንድ ብቻ ነው፤ በአንድ ስፍራ ከተበላሸ ሁሉም ይበላሻል። በአሜሪካ አገር በአውቶሞቢሎች ሁሉ ላይ የፊቱና የኋላው መስመር የተለያየው ከ1967 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ነው።

ተመልሰን ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብንን አደረግን። ታምቡሮቹ ተላጉ፤ ሸራዎቹ፣ ጎሚኒዎቹና ቧንቧዎቹ ተለወጡ፤ ዘይቱ ታደሰ። በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችንም ሁለት ክፍል ያለው ፖምፓ ላኩልን። ለዚህ ያወጣነው ገንዘብ ለቀለም ያሰብነው ስለ ነበረ አውቶሞቢሉ እንደ ደበዘዘ ቀረ።

እናታችን በመንገድ ላይ

በጥር 2011 ዓ.ም. ሌሊት ተነሥተን ሄድን። ከጣርማ በር ወደ ግራ ታጥፈን በመዘዞና በሞላሌ በኩል በጠጠር መንገድ ቀስ እያልን ተጓዝን። መኪናው ከመሬት ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ድንጋይ በገጠመን ቁጥር አንዳችን እየወረድን አነሣን። መሐል ሜዳ የደረስነው ፀሓይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ጠዋት ውርጩ በመስተዋቱ ላይ እንደ ጨው ነጥቶ ሳለ እናታችን ባናቸውን ተከናንበው ወጡ። በእጃቸው እየዳሰሱ የመኪናውን በር ካገኙ በኋላ ገብተው ተቀመጡ፤ ስለ ቀለሙ ምንም አልጠየቁም።

የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ግን በየትኛው ማርሽ እንደምንወርድ ጠየቁን። ነገሩ አስደነቀን። አባታችን ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱንም ይወርዱ እንደ ነበረ፣ ማርሹንም ከዐናቱ ላይ ቆመው እንጂ በመካከል እንደማይለውጡ፣ መኪናም ባቆሙ ቁጥር ከጎማው ሥር ድንጋይ ሳያደርጉ ዘወር እንደማይሉ አወጉን። እኛ በጣርማ በር በድንጋጤ የተማርነው ትምህርት ኀምሳ ዓመት ያህል በቤታችን ኖሯል፤ ከእኛም መካከል እናታችንን የጠየቃቸው አልነበረም።

አሮጌ አውቶሞቢል ለሚሹ ቤተ ሰቦች

ዛሬ እንዲህ ያለ አሳብ ያላቸው አንባብያን ቢኖሩ ይህን ይወቁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ፍለጋው በአገር ውስጥ በቀሩት ላይ ብቻ ነው፤ እነርሱም በየግቢው በሸራ ሥር ያሉ ጥቂቶች ናቸው። ሲገኙ አስቀድሞ የሊብሬውን ቁጥር፣ ቀጥሎ ከሥር ያለውን ላሜራ፣ ቀጥሎ ፍሬኑን፣ ከሁሉ በኋላ ሞተሩን መመልከት ይገባል። የማይነሣ ሞተር ሰውን ከደጁ ያስቀረዋል፤ የማይዝ ፍሬን ግን ከመንገዱ ያስቀረዋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያትም መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ሰላም አስቀድሞ ይጠይቅ።

እናታችን በአዲስ አበባ የዓይናቸው ሞራ ተገፎ ማየት ቻሉ። ከሐኪም ቤት በተመለሱ በሳምንቱ ያችን አሮጌ ፎቶግራፍ አምጡልኝ አሉ። ወደ መስኮቱ አስጠግተው ለረጅም ጊዜ ካዩዋት በኋላ በጣታቸው አንድ ስፍራ አመለከቱን። ከልጅነታችን ጀምሮ ስናያት በኖርናት በዚያች ፎቶግራፍ ላይ፣ ከሼቭሮሌቱ የኋላ ጎማ ሥር፣ አባታችን ያስቀመጧት አንዲት ድንጋይ አለች።